የጠዋቱ እንስራ

ንጉሡ እንስራውን ከግንቡ ጫፍ ላይ ሲዘቀዝቀው እናቱ ሁልጊዜ ዓይኗን ትጨፍናለች። ጆሮን ግን መጨፈን አይቻልም። ውሃው መጀመሪያ ፏ ይላል፤ ከዚያ የዓለቱን ሆድ እየታከከ ይወርዳል፤ ከዚያ ዝም። ቀጥሎ የተሰለፉት ወታደሮች በየተራ እንስራቸውን ይገለብጣሉ። ከኋላ የቆሙት ሴቶችና ሽማግሌዎች፣ ከንፈራቸው እንደ አሮጌ ቆዳ ተሰነጣጥቆ እያለ፣ "እሰይ!" ይላሉ። ከታች ሜዳው ላይ የጠላት ድንኳኖች ነጭ ነጭ ብለው ይታያሉ።

"ይዩት!" ይላል ንጉሡ፣ እጁን ወደ ድንኳኖቹ እየዘረጋ። "ውሃ የተረፈው ሰው ምን እንደሚመስል ይዩት!"

እናትየው በሆዷ፣ "ከተረፈማ ለእኔም አንድ ዋንጫ ይደርሰኝ ነበር" ትላለች። በሆዷ ብቻ ነው ታዲያ። የንጉሥ እናት የሆነች ሴት ብዙውን ነገር ሆድ ይፍጀው ብላ ትኖራለች።

ጠላት የተባለው ባዕድ ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ በወሰዳት። ከትልቁ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው የገዛ ታናሽ ልጇ ነው። ጢሙ ደረቱ ደርሶ፣ ሠራዊት የሚያዝዝ ጎልማሳ ሆኖ እንኳ እሷ ዛሬም ማሙሽ ነው የምትለው። ከታች የከበበው ታናሹ፣ ከላይ የተከበበው ታላቁ። አንዱ ሌላውን ያገኘ ቀን አንገቱን ሊቆርጠው ሁለቱም በአደባባይ ምለዋል። ከተማው ስለ ውሃ ይጨነቃል፣ ሹማምንቱ ስለ ሹመታቸው ይጨነቃሉ። የእሷ ጭንቀት አንድ ነበር፤ ከሁለቱ አንዱንም መቅበር አልፈለገችም።

ይህ የተራራ መንግሥት እንዴት እንደቆመ ሕዝቡ የሚያወራው አንድ ነው፣ እሷ የምታውቀው ሌላ። ባሏ በበቅሎ ጨው የሚያመላልስ ነጋዴ ነበር። ሽፍቶች በቅሎዎቹን ነጥቀው ባዶ እጁን ሲያስቀሩት፣ አዲስ ሙሽራውንና አንድ ጓደኛውን ይዞ ወደ ተራራው ሸሸ። ጫፉ ሜዳ ነው፣ ዙሪያው ገደል፣ መውጫው አንድ። ከሥሩ ያለው ጠባብ መተላለፊያ ደግሞ ጨው የጫነ ሁሉ የግዱን የሚያልፍበት ነው። "የተዘረፈ ሰው የሚዘረፍበትን ቦታ ያውቃል" አለ ባሏ፣ እና የመንገዱ ጠባቂ ሆነ። ለጥበቃው ቀረጥ አስከፈለ፤ በቀረጡ ግንብ ሠራ፤ ዓለቱን አስፈልፍሎ የክረምት ውሃ የሚጠራቀምበት ትልቅ ጉድጓድ አበጀ። ጌታው ያባረረው፣ ዳኛ የሚፈልገው፣ አማቷ ያስመረረቻት፣ ሁሉም ሽቅብ እየወጣ ጎረቤት ሆነ። በኋላ የሜዳው ገዢ ነገሩ አላምር ብሎት ሠራዊት ይዞ መጣና ከበባቸው። ጉድጓዱ ደረቀ። አንድ እንስራ ብቻ ቀረ።

ከዚህ ወዲያ ያለውን ተራራው ላይ ጥርስ ያላወጣ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ባሏ የመጨረሻዋን እንስራ ተሸክሞ ግንቡ ላይ ወጣና ጠላት እያየው ደፋት። የሜዳው ገዢ፣ "እነዚህ ሰዎች እኮ ውሃ ይደፋሉ! እስከ መቼ ቁጭ ብዬ ልጠብቃቸው?" ብሎ ድንኳኑን ነቀለ። ብዙም ሳይቆይ ባላባቶቹ እጅ መንሻ ይዘው ወጡ፣ ከበቅሎ ልጓም ብረት ዘውድ ተቀጠቀጠ፣ የጨው ነጋዴው ንጉሥ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ጠላት በመጣ ቁጥር ንጉሡ በየጠዋቱ በገዛ እጁ አንድ እንስራ ውሃ ይደፋል። ጠላትም በመጣ ቁጥር ተመልሶ ይሄዳል። ይሄዳል እንግዲህ፤ በውሃው ይሁን በራሱ ምክንያት ማን ይጠይቃል? ልጁ ሲነግሥ ከአባቱ ላለማነስ ብሎ አንዷን እንስራ የእንስራ ሰልፍ አደረጋት።

ውሃ ብርቅ በሆነበት አገር ሕጉም ስለ ውሃ ነው። ከሰው እጅ ውሃ የጠጣ ባጠጣው ሰው ላይ ብረት አያነሣም፣ ያጠጣውም በጠጣው ላይ። ጠብታም ብትሆን። አንድ ጊዜ ገደል ሊወረወር የቆመ የበግ ሌባ፣ ወርዋሪው ዋንጫውን ሊጎነጭ ሲል በክርኑ ገጨት አደረገውና ፍንጣቂው ከንፈሩ ላይ አረፈ። ሌባው ላስ አደረገና "ከእጁ ጠጣሁ!" ብሎ ጮኸ። ዳኞቹ ከጠዋት እስከ ማታ ተከራክረው በመጨረሻ ለቀቁት። እስኪሞት ድረስ "ላሰ" ሲባል ኖረ፤ ልጆቹም "የላሰ ልጆች" ተባሉ።

ከተራራው የሚባረር ሰውም ቢሆን በሩ ላይ ከንጉሡ እጅ አንድ ዋንጫ ውሃ ጠጥቶ ነበር የሚወጣው፣ ቂም እንዳይኖር። ማሙሽ ግን ሳይጠጣ ወጣ። አባታቸው በሞተ ማግስት፣ "ጋሼ፣ ተራራው ላንተ ይሁን፣ የታችኛውን መተላለፊያ ለእኔ ስጠኝ" አለ። ታላቁ መንግሥት እንደ ዳቦ አይቆረስም ብሎ ጮኸ። ቃል ቃልን ወለደ፣ ቃሉ ሰይፍ አስመዘዘ፣ ሹማምንት ገብተው ገላገሏቸውና ታናሹ እንዲወጣ ተፈረደበት። በሩ ላይ ዋንጫው ተሞላ። ንጉሡ ተቀበለ፣ ወንድሙን ዓይን ዓይኑን እያየ ደጃፉ ድንጋይ ላይ አፈሰሰው።

"የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" አለው። "ከእንግዲህ በአንተና በእኔ መሃል ሕግ የለም።"

እናትየው አጠገባቸው ቆማ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ! ምላሷን ማን እንደያዘባት እስከ ዛሬ አታውቅም። ያቺ ዝምታ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክታለች።

አሁን ያ የተባረረ ልጅ መጥቷል። ንጉሡ መምጣቱን አስቀድሞ ሰምቶ የሜዳውን ጉድጓዶች ሁሉ በድንጋይ አስደፍኖ ነበር፤ ወንዙም በበጋው ደርቋል። "ጥም ራሱ ይመልስልኛል" ብሎ ተማምኖ ተቀመጠ። ታዲያ ታናሹ ዛሬ ይሄዳል ነገ ይሄዳል ሲባል ድንኳኖቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም።

አንድ ቀን የጠዋቱ እንስራ ከተደፋ በኋላ እናትየው ወደ ጉድጓዱ ወረደች። የውሃ ሹሙ ያ ከባሏ ጋር ሸሽቶ የመጣው ጓደኛ ነው። ሰዉ ጤዛ ይለዋል፤ ውሃ ሲያድል ከጤዛ የሚበልጥ ሰጥቶ አያውቅም። ጤዛ የቆዳ መቅጃውን በገመድ አወረደው። መቅጃው ውሃ ከመንካቱ በፊት ድንጋይ ፋቀ። ሲወጣ ግማሹ አተላ ነበር፤ ውሃው እንዳይሸት ጤዛ የሚጨምርበት የጥድ ቅጠል ላዩ ላይ ተንሳፍፏል።

"ምን ያህል ያቆየናል?" አለች።

"ለሚጠጣ ሰው ከሆነ ጥቂት ቀን ያቆያል እመቤቴ። ለሚደፋ ሰው ከሆነ እኔ እንጃ። ገደል እንደሁ ጠጥቶ አይረካም።"

"ለንጉሡ ነግረኸዋል?"

"ነገርኳቸው እንጂ። 'አባቴ አንዲት እንስራ ቀርታው ደፍቷል' አሉኝ። እኔ ምን ልበል? ያቺን እንስራ እርስዎም ያውቋታል፣ እኔም አውቃታለሁ።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ጤዛ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል አፉን በእጁ ያዘ። ሴትየዋ ግን አልሳቀችም።

ከሰዓት በኋላ ከታች መልእክተኛ መጣ። ሰፋ ያለ፣ ራሱን የሚወድ ሰውዬ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ አንገቱን አቀና፤ ምክንያቱም ሰውዬው ንጹሕ ነበር። ፊቱ ያበራል፣ ሸሚዙ ፀአዳ ነው። አዳራሹ ውስጥ ከንጉሡ ጀምሮ ፊቱን በውሃ ያበሰ አንድም ሰው አልነበረም።

"ጌታዬ እንዲህ ይላል" አለ መልእክተኛው። "በሩን ክፈት። ሕዝቡን አንድ ሰው አይነካውም። እኔና አንተ ብቻ ደጃፉ ድንጋይ ላይ በሰይፍ እንገናኝ።"

"ሂድና ንገረው፤ ከንፈሩ ሲሰነጠቅ እንገናኛለን በለው" አለ ንጉሡ።

እናትየው መልእክተኛውን እስከ በሩ ልሸኝ ብላ ተነሣች። ልጇ እንዴት እንደሰነበተ ለመጠየቅ ነበር ሐሳቧ፤ ምን በልቶ፣ ምን ለብሶ። ደረጃው ላይ ጠጋ ስትለው ግን አንድ ሽታ አፍንጫዋን ነካ። ቆመች። የሸሚዙን እጀታ ይዛ ወደ ፊቷ አስጠጋችው። ጥድ ነው። ያረጀ፣ በውሃ የራሰ፣ ከዓለት ኖራ ጋር የተዋሐደ ጥድ። ያ ሽታ ከጤዛ ጉድጓድ በቀር የትም እንደሌለ አፍንጫዋ ያውቃል፤ በዚያ ውሃ ነው ሁለቱን ልጆቿን አጥባ ያሳደገችው።

"አንተ! በእኛ ውሃ ነው የታጠብከው!"

የሰውዬው ፊት አመድ መሰለ።

"ኧረ በእግዜር እመቤቴ... ንጉሥ ፊት ቆሽሼ እንዳልቀርብ ብዬ ነው። ጌታዬ ቢሰሙ ይሰቅሉኛል።"

ቀስ በቀስ ምስጢሩን አወጣጣችው። ዓለቱ ሆዱን ገፍቶ ስለወጣ ከግንቡ ላይ ሆኖ ሥሩን ማየት አይቻልም። ሥሩ ላይ የተፈጥሮ የድንጋይ ገንዳ አለ። የጠዋቱ ውሃ እየተንሸራተተ ጠብ ሳይል እዚያ ገንዳ ውስጥ ይገባል። ሠራዊቱ ጥቂት ነው፤ በመጣ ሰሞን ጥም ሊፈጀው ደርሶ በቅሎ መጫን ጀምሮ ነበር። ልክ ሲጭኑ ከሰማይ ውሃ ወረደላቸው። "ድንጋዩን ሳምነው እመቤቴ" አለ ሰውዬው።

"ጌታህም... ማሙሽም ይጠጣል?"

"ከዚያች ገንዳ በቀር ምን ውሃ አለ ብለው ነው?"

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ሌላ ሰው ቢሆን ስለ መንግሥቱ ባለቀሰ ነበር፤ እሷ ግን ደስ አላት፣ ውስጧ ሁሉ ደስ አለው። ጠጥቷል! የመጀመሪያዋን እንስራ የሚደፋው ንጉሡ በገዛ እጁ ነው። ልጆቿ ሳያውቁት በየጠዋቱ ሲጠጣጡ ኖረዋል ማለት ነው። አንዱ በሌላው ላይ ብረት ማንሣት አይችልም። ሕጉ አስሯቸዋል።

ከዚህ በኋላ የቀረው ሠራዊቱን መመለስ ነበር። እንስራው ይቁም፣ ገንዳው ይድረቅ፣ ማሙሽ ይሂድ። ወደ ንጉሡ እልፍኝ ገባችና በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው።

"ነገ ጠዋት ውሃ እንዳይደፋ" አለችው።

"እማዬ፣ በዚህ ነገር አትግቢ።"

"ጠላትህን እያጠጣኸው ነው ልጄ! ቀጥ ብሎ ገንዳቸው ውስጥ ነው የሚገባው። አንተ በጥም ልትገድለው፣ በእንስራ ትቀልበዋለህ!"

ሁሉንም ነገረችው። ንጉሡ ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ቀላ፣ ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጣት።

"ብተው ወታደሮቼ ምን ይላሉ? እነሱ የቆሙት በምግብ መሰለሽ? በዚያች እንስራ ነው የቆሙት። የአባቴ እንስራ ናት።"

"የአባትህ እንስራ!" አለችና ትዕግሥቷ አለቀ። "እኔ ልንገርህ የአባትህን እንስራ። አይጥ ገብቶባት ነበር! የመጨረሻዋ እንስራ ውስጥ የሞተ አይጥ ተንሳፍፎ አገኘ። እየተሳደበ፣ እናቱን አባቱን እየረገመ፣ ተሸክሞ ወጥቶ ወረወራት። ብልኃት አልነበረም፤ ንዴት ነበር። ጠላት ሲሄድ እኛም እንደ ሕዝቡ ነው የደነገጥነው። ጤዛን ጠይቀው!"

ንጉሡ ዘውዱን አውልቆ ያዘው፤ የልጓሙ ብረት የበቅሎ ጥርስ የነከሰበት ምልክት ዛሬም አልጠፋበትም።

"ነገ አይደፋም" አለ በመጨረሻ።

"ለሕዝቡስ? ንገራቸው እንጂ፣ ለምን እንደተውክ..."

"አባቴን በአይጥ ላሳማው? 'ወንድሜን ሳጠጣ ከረምኩ' ብዬ ልሳቅበት? ንጉሥ አዘዘ፣ አለቀ።"

ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ ነው። ደጋግማ ለመነችው፤ ደጋግሞ እምቢ አላት።

በማግስቱ ሕዝቡ እንደ ልማዱ ግንቡ ሥር ተሰበሰበ። ፀሐይ ወጣች። ንጉሡ አልመጣም። እንስራ የሚሸከሙት ወታደሮች ባዶ እጃቸውን ቆመው እግራቸውን ይቀያይራሉ። "እሰይ" ለማለት የተዘጋጀው ሰው ሁሉ አፉን የሚያሳርፍበት አጣ። እናትየው ከመስኮቷ ታያቸው ነበር። ጠላት ሲመጣ ያልፈሩ፣ ጥሙን የቻሉ ሰዎች ያን ጠዋት ዓይናቸው ውስጥ ፍርሃት ገባ።

"አለቀ ማለት ነው" አለች አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት፣ ለራሷ ይመስል። ድምጿ ግን ለሁሉም ተሰማ።

ከዚያ ወሬው እግር አወጣ። ጉድጓዱ ደርቋል። ንጉሡ ውሃ ደብቋል። ንጉሡ ሞቷል። ንጉሡ በገመድ ወርዶ አምልጧል። ከሰዓት ላይ ሰዉ ጉድጓዱን ከበበ። ጤዛ በሩ ላይ በጀርባው ተለጥፎ፣ "ለሁላችሁም ይደርሳል፣ በተራ! በተራ!" እያለ ይጮሃል። እውነቱን ነበር፤ ለሚጠጣ ሰው ጥቂት ቀን የሚያቆይ ውሃ ነበረ። ግን ሲደፋ "ሞልቷል" ያለ ሕዝብ ሳይደፋ ሲቀር እንዴት "አለ" ብሎ ይመን? ግፊያው ጤዛን ከበሩ አነሣው፣ በሩም ከማጠፊያው ተነሣ። ገመድ ተጎተተ፣ መቅጃ ተቀደደ፣ ሰው በሰው ላይ ወደቀ። የቀረው ውሃ ጭቃ ሆኖ ተረገጠ። ጤዛ ከግርግሩ አንዲት ዋንጫ ብቻ አትርፎ፣ ከልብሱ ሥር ሸሽጎ ለእናትየው አመጣላት።

"የመጨረሻዋ ናት" አለ፣ እንባው ጉንጩ ላይ እየወረደ። "ዘንድሮ እንኳ አይጥ የለባትም።"

ቀጣዩ ቀን ሲነጋ የግንቡ ዘብ፣ "እየነቀሉ ነው! ድንኳኑን እየነቀሉ ነው!" ብሎ ጮኸ። እውነት ነበር። ገንዳው በአንድ ቀን ደርቆ የታናሹ ሠራዊት በቅሎ ይጭን ነበር። ግን ማን ይስማው? ሕዝቡ ከሌሊቱ ጀምሮ በሩ ላይ ነው። "ከታች ውሃ አለ፣ የመልእክተኛቸውን ሸሚዝ አላያችሁም?" እየተባባለ ይገፋል፤ መቀርቀሪያውን የሚስበው ራሱ ዘበኛው ነበር። የሜዳው ገዢ ያልሰበረው፣ ከዚያ ወዲህ የመጣ ጠላት ሁሉ ያልነካው በር ከውስጥ ተከፈተ። ማሙሽ እግሩን እርካብ ላይ እንዳደረገ ሽቅብ አየ። እግሩን መልሶ አወረደ።

እናትየው ዋንጫዋን በሁለት እጇ ይዛ በሩ ጋ ስትደርስ ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ሰጣት። ንጉሡ ሰይፉን መዝዞ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ብቻውን ቆሟል። ማሙሽ ሽቅቡን ጨርሶ ወጣ፤ ወታደሮቹ ከኋላው ናቸው፣ ብዙዎቹ የዚያው ተራራ ልጆች። ሰይፉን መዘዘ። ፊቱን በጥቁር ሻሽ እስከ አፍንጫው ሸፍኗል።

"ቁም!" አለች እናትየው፣ መሃላቸው ገብታ። "ሁላችሁም ስሙ። ይህ ልጅ በየጠዋቱ የወንድሙን ውሃ ሲጠጣ ከርሟል። ከንጉሡ እጅ የፈሰሰ ነው፣ የጠጣውም እሱ ነው። ሕጉን ታውቃላችሁ። ብረቱን ይክተት!"

ጉርምርምታ ተነሣ። ከታናሹም ወታደሮች ጭንቅላቱን የነቀነቀ ነበር። ማሙሽ በግራ እጁ ሻሹን ከፊቱ አወረደ።

ከንፈሩ ከንፈር አይመስልም ነበር። ተሰነጣጥቆ፣ ጠቁሮ፣ ደም አድርቋል።

"እነሱ ጠጡ፣ እማዬ" አለ። ድምፁ ድንጋይ ላይ እንደሚጎተት ገመድ ነው። "እኔ አልጠጣሁም። ከሩቅ በአቁማዳ ሲመጣልኝ ጠጣሁ፤ ሳይመጣ ሲቀር ጠምቶኝ አደርኩ። ከዚያች ገንዳ አንዲት ጠብታ አልቀመስኩም። የምገድለውን ሰው ውሃ አልጠጣም ብዬ።"

ያቺ ደረጃው ላይ ያገኘቻት ደስታ በአንዴ ጠፋች። ሕግ ያሰረው ልጅ አልነበረም ለካ። ሲጠማ የከረመ ልጅ ነበር። ወደ ንጉሡ ዞረች።

"ስጠው" አለችው፣ ዋንጫውን እየዘረጋችለት። "ያን ቀን ዝም አልኩ። ዛሬ አልልም። በእጅህ ስጠው።"

ንጉሡ ዋንጫውን አየ፤ እሱም ምራቁን መዋጥ አቅቶት ነበር። በሩን አየ፣ የከዱትን ዘበኞች አየ፣ የተዘረጋውን የእናቱን እጅ አየ። ሰይፉን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠና ዋንጫውን ተቀብሎ በሁለት እጁ ለወንድሙ አቀረበ።

"ያን ቀን የነፈግኩህ ነው" አለ። "እንካ።"

ማሙሽ ተቀበለው። ውሃው ወደ ፊቱ ሲቀርብ የጥዱ ሽታ ሳይደርሰው አልቀረም፤ የልጅነቱ ሽታ ነው፤ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል ሁሉም አየ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ያኔ የፈሰሰበት ድንጋይ ላይ አፈሰሰው።

"የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ጋሼ። ያንተ ቃል ነው። ሰይፍህን አንሣ።"

ንጉሡ አላነሣም። ማሙሽ የእሱን አነሣ።

እናትየው ተንበረከከች። የሚያያት ሁሉ ልትለምነው መስሎት ነበር። እሷ ግን ሻሿን ከራሷ ላይ ስባ፣ ድንጋዩ ጎድጓዳ ላይ የቀረችውን ውሃ በሻሹ ጫፍ መጠጠች። ተነሣች። ሰይፍ የያዘውን ክንድ አልነካችም። የልጇን አገጭ፣ ሕፃን ሳለ ገንፎ ለብሶ ሲመጣባት እንደምታደርገው፣ በግራ እጇ ጥርቅም አድርጋ ያዘችና ያንን የተሰነጠቀ ከንፈር በእርጥቡ ሻሽ ጠረገችው።

ፊቱን ሊያዞር ሞከረ። ግን አካሉ ከእሱ ፈጠነ። ምላሱ ወጣችና ከንፈሩን ላሰች።

ከሕዝቡ መሃል የጤዛ ሰባራ ድምፅ ተሰማ።

"ላሰ! በዓይኔ በብረቱ አየሁት! ከንጉሡ እጅ የወጣውን ውሃ ላሰ!"

"ላሰ!" አለች ያቺ ልጅ ያዘለችው ሴት። "ላሰ!" አሉ ዘበኞቹ። ከታናሹ ወታደሮች አንዱ ጦሩን መሬት ላይ አጋደመ፤ ሌላውም ተከተለው።

ማሙሽ ሰይፉን አንሥቶ እንደያዘ ቆመ።

"እማዬ፣ ይሄ ማታለል ነው።"

"አፍህን ጠረግኩልህ እንጂ ምን አደረግኩህ?" አለችው።

ሰይፉ ዝቅ አለ። ጢሙ ደረቱ የደረሰው ጎልማሳ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እንባውንም ላሰው፤ ጥሙ የዚያን ያህል ነበር።

መንግሥቱ በዚያው ቀን ፈረሰ፣ ማንም ሳያፈርሰው። ሕዝቡ የተደፈኑትን ጉድጓዶች ሊቆፍር ቁልቁል ወረደ፣ የታናሹም ወታደር አካፋ ይዞ አብሮ ወረደ፤ ውሃ ካገኘ በኋላ ደግሞ ሽቅብ የሚያስመልሰው ምክንያት አልነበረም። ዘውዱን ንጉሡ ግንቡ ላይ ትቶት ይሁን ጥሎት ማንም አልጠየቀም። ጤዛ ባዶውን ጉድጓድ ሊዘጋ ፈልጎ በሩ እንደተሰበረ ሲያይ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ሄደ።

እናትየው መጨረሻ ላይ ነው የወረደችው። እርጥቡን ሻሽ መልሳ ራሷ ላይ አስራለች። ታላቁን በቀኝ እጇ፣ ታናሹን በግራ እጇ ይዛለች። ሁለቱ አይነጋገሩም፣ አይተያዩምም። ቁልቁለቱ ላይ ድንጋይ ሲያዳልጣት ግን ሁለቱም እኩል ይደግፏታል። ሜዳው ላይ መጀመሪያ የተከፈተው ጉድጓድ ዘንድ ሲደርሱ ሰዉ ቦታ ለቀቀላቸው። አንድ ዋንጫ ተሰጣት። ለማን መጀመሪያ እንደምትሰጥ አላወቀችምና ራሷ ጠጣች።